የተጋረደ እንጂ ያልጠፋ ብርሃን
(ስለ ጥንድ ኮከቦችና ዘንጉ ስለሚዞር የጋዝ ሰፌድ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ቀን ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትጋት፥ ስለ መልካም ጠባይና ስለ አገር ፍቅር ያማረ ቃል አሰምተዋል። እኔ የመረጥሁት አርእስት ከእነዚህ ሁሉ የራቀ ይመስላል፤ በእውነትም ሩቅ ነው። ከዚህ አዳራሽ 20,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ስለሚኖር፥ በየ35 ቀኑ እየጠፋ ስለሚመለስ አንድ ኮከብ ልነግራችሁ ቆሜአለሁ።

የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። እንግዲህ ዛሬ ወደ እኛ የሚደርሰው የዚያ ኮከብ ጨረር ጉዞውን ሲጀምር አክሱም አልተመሠረተችም፥ ፊደልም አልተቀረጸም ነበር። ይህን ያህል ዘመን ተጉዞ የመጣ እንግዳ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ቢደመጥ የሚገባው ይመስለኛል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። አንድ ብርሃን ከዓይናችን ሲሰወር፥ ጠፋ ማለት ነውን ወይስ ተጋረደ? ሁለቱ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለእውነት ግን የተለያዩ ናቸው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ይህን ልዩነት እንዴት አድርገው እንደ ለዩ ባስረዳችሁ፥ የመጣሁበትን ጉዳይ ፈጸምሁ ማለት ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ስለ ጥንድ ኮከቦች

ፀሐያችን ብቸኛ ኮከብ ናት። በሰማይ ካሉት ኮከቦች መካከል ግን ብዙዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፥ በመካከላቸው ያለውን አንድ የክብደት ማእከል እየዞሩ ይኖራሉ። ከጥንዶቹ ግዙፉ እንደ ባለጸጋ ልጅ ሀብቱን ቶሎ ይበትናል፤ ማለት የሚነድደውን ሃይድሮጅን ቀድሞ ይጨርሳል። ታናሹ ገና ጎልማሳ ሳለ ታላቁ ይሞታል። ከሞተ በኋላም ሬሳው እንደ ክብደቱ መጠን ከሦስት ዐይነት አንዱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ነጭ ድንክ ይባላል፤ የፀሐይን ያህል ክብደት ይዞ የምድርን ያህል ብቻ ስፋት ያለው ነው። ሁለተኛው ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፀሐይ የበለጠ ክብደት ይዞ ስፋቱ ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥም። ከእርሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ብንጨልፍ ክብደቱ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ይሆናል። ሦስተኛው ብርሃን እንኳ ከውስጡ ሊወጣ የማይችለው ጥቁር ጉድጓድ ነው።

ሟቹ ኮከብ ግን ጎረቤቱን አይለቅም። በብርቱ ስበቱ ከሕያው ጓደኛው አካል ላይ ጋዝ እየሳበ ይወስዳል። ይህም ጋዝ በቀጥታ ወደ ሟቹ አይወድቅም፤ ጥንዶቹ ራሳቸው የሚዞሩ ናቸውና ጋዙም ዙረቱን ይዞ ይመጣል። የእጅ መታጠቢያ ውኃ ወደ ቀዳዳው ሲወርድ ክብ እየሠራ እንደሚወርድ ሁሉ፥ ጋዙም በሟቹ ኮከብ ዙሪያ እየከበበ፥ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየቀረበ ይሄዳል። በዚህ ዐይነት ጠፍጣፋና ክብ የሆነ ነገር ይሠራል። ሊቃውንቱ ዲስክ ይሉታል፤ እኔ ግን በቤታችን የምናውቀው ሰፌድ ስለሚመስል የጋዝ ሰፌድ ብዬ ልጥራው።

በሰፌዱ ውስጥ ያለው ጋዝ እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ የውስጠኛው ክፍል ከውጭኛው ይልቅ በፍጥነት ይሮጣልና። መፋተግ ሙቀትን ይወልዳል፤ መዳፋችንን በብርድ ጊዜ የምናፋትገው ስለዚህ አይደለምን? በሟቹ ኮከብ አጠገብ ሙቀቱ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ያህል የጋለ ነገር የሚሰጠው ጨረር ሐኪም ቤት ለራጅ የሚያገለግለው ኤክስሬይ ነው። ፀሐይ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን አንድዳ ወደ ኀይል የምትለውጠው 7 ግራም ያህሉን ብቻ ሲሆን፥ በኒውትሮን ኮከብ ላይ ከወደቀ አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ ግን 100 ግራም የሚያህለው ኀይል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ሬሳ ያልነው ኮከብ በሕይወት ካሉት አብልጦ ያበራል ማለት ነው።

ስለ እንዝርትና ስለ ዘንግ ዙረት

አሁን ሁለት ነገር አንድ ላይ ማሰብ ይኖርብናል። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱ በብርቱ ይሽከረከራል። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ዘንበል ይላል፤ ቢሆንም ወዲያው አይወድቅም፤ ጫፉ በአየር ላይ ትልቅ ክብ እየሣለ ይዞራል። እንግዲህ እንዝርቱ ሁለት ዙረት አለው፤ አንደኛው በዘንጉ ላይ የሚሽከረከረው ፈጣን ዙረት ነው፤ ሁለተኛው ዘንጉ ራሱ የሚዞረው ዝግተኛ ዙረት ነው። ይህን ሁለተኛውን የዘንግ ዙረት እንበለው።

ምድራችንም ይህ ዙረት አላት። በዘንጓ ላይ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትሽከረከራለች፤ ዘንጓ ራሱ ግን ዙረቱን ለመፈጸም 26,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ የሰሜን ኮከብ የምንለው፥ ከአዲስ አበባ ሆነን በእንጦጦ አቅጣጫ ዝቅ ብሎ የምናየው ኮከብ፥ ለዘለዓለም የሰሜን ምልክት ሆኖ አይኖርም፤ የምድር ዘንግ ቀስ እያለ ከእርሱ ይርቃል።

የጋዝ ሰፌዱም እንዲሁ ነው። በአንዳንድ ጥንድ ኮከቦች ዘንድ ሰፌዱ ኮከቦቹ ከሚዞሩበት መስመር ጋር ትክክል ሳይሆን ዘንበል ብሎ ይገኛል። የጓደኛው ኮከብ ስበት ሊያቃናው ይጎትተዋል፤ ሰፌዱ ግን የሚሽከረከር ስለ ሆነ እንደ እንዝርቱ ቶሎ አይቃናም፤ በመቃናት ፈንታ ዘንጉ መዞር ይጀምራል። በዚህም ላይ ከመካከሉ የሚወጣው ብርቱ ጨረር ሰፌዱን እየገፋ ያጣምመዋል። በቤት ውስጥ ያረጀና ጠርዙ የተጣመመ ሰፌድ ያየ ሰው ሁሉ ቅርጹን ያውቀዋል። ያንን የተጣመመ ሰፌድ በመካከሉ መብራት አኑራችሁ ቀስ እያላችሁ ብታዞሩት፥ ከፊት ለፊት የቆመ ሰው አንድ ጊዜ መብራቱን ያያል፥ አንድ ጊዜ ጠርዙ ይጋርደዋል።

ነጻነት የተባለችው መንኮራኩር

ይህ ሁሉ ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ኤክስሬይ በምድር አየር ውስጥ አያልፍም፤ ይህም ለጤናችን መልካም ነው፥ ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት ግን እንቅፋት ሆኖ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ መሣሪያውን ከአየር በላይ መስደድ ግድ ሆነ። እነሆ በታኅሣሥ 3 ቀን 1963 በእኛ አቆጣጠር፥ ይኸውም በዲሴምበር 12 ቀን 1970፥ የኤክስሬይ ኮከቦችን ለመመርመር ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ወደ ሰማይ ተላከች። የተላከችውም ከአሜሪካ ምድር አልነበረም፤ ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ አጠገብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከቆመው የኢጣልያኖች ሳን ማርኮ መድረክ ነበር። ቀኑ የኬንያ ነጻነት ሰባተኛ ዓመት በዓል ስለ ነበረ፥ በስዋሂሊ ቋንቋ ነጻነት ማለት የሆነው ኡሁሩ የሚል ስም ተሰጣት። የሥራው መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በዚህ መስክ በፈጸሙት ሥራ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ኡሁሩ ካገኘቻቸው ሁሉ የሚያስደንቀው በሄርኩለስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለው፥ ሄርኩለስ ኤክስ-1 የተባለው ነው። ተመራማሪዎቹ በ1972 ያስታወቁት ነገር ሦስት ሰዓቶችን በአንድ ክንድ ላይ እንዳሰረ ሰው ያስመስለዋል። ፈጣኑ ሰዓት በየ1.24 ሰከንድ ይመታል፤ ይህ ኒውትሮን ኮከቡ በዘንጉ ላይ የሚሽከረከርበት ጊዜ ነው። መካከለኛው በየ1.7 ቀን ይመታል፤ ይህ ጥንዶቹ አንዱ ሌላውን የሚዞሩበት ጊዜ ነው። ዝግተኛው ደግሞ በየ35 ቀኑ ነው፤ ኮከቡ ወደ 10 ቀን ያህል ደምቆ ይታያል፥ ከዚያ ይደበዝዛል፥ በመካከሉ ለጥቂት ቀናት ደከም ብሎ ብቅ ይልና እንደገና ይሰወራል፥ 35ኛው ቀን ሲደርስ በሙሉ ብርሃኑ ይመለሳል።

ሁለቱን ፈጣን ሰዓቶች ማስረዳት ቀላል ሆነ። ሦስተኛው ግን አስቸገረ። በ35 ቀን ውስጥ የሚሽከረከር ምን ነገር አለ? በ1973 ጆናታን ካትዝ የተባለ ሊቅ፥ ዘንበል ያለው የጋዝ ሰፌድ ዘንጉ እየዞረ ኒውትሮን ኮከቡን አንድ ጊዜ ይገልጠዋል፥ አንድ ጊዜ ይጋርደዋል የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ሌሎችም ከእርሱ በኋላ ሐሳቡን አስፋፉት።

ማስረጃው በጎረቤት ፊት ላይ ነው

እዚህ ላይ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ይጠይቃል፤ ኮከቡ በእርግጥ እየተጋረደ ነው ያላችሁት ከምን አይታችሁ ነው? ጋዙ ለጊዜው መውረድ አቋርጦ፥ ኮከቡ በእውነት ጠፍቶ ቢሆንስ? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የተገኘለትም መልስ እኔን ይህን አርእስት ያስመረጠኝ ነው።

እኔ የምኖረው በልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ ብሎክና ብሎክ ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታችን መብራት አብርተው እንደ ሆነ፥ ወለላቸው ለእኛ ጣራ ነውና ከቤታችን ሆኜ ላይ አልችልም። ነገር ግን የፊት ለፊቱን ብሎክ ግድግዳ ስመለከት የመስኮታቸው ብርሃን አርፎበት አገኘዋለሁ። ግድግዳው ከበራ መብራቱ በርቷል፤ ለእኔ የተሰወረኝ በመካከላችን ባለው ወለል ምክንያት ብቻ ነው።

ሄርኩለስ ኤክስ-1ም እንዲህ ያለ ግድግዳ አለው፤ ይኸውም ጓደኛው የሆነው ሕያው ኮከብ ነው። በ1972 ጆንና ኔታ ባህኮል የተባሉ ባልና ሚስት ያንን ጓደኛ ኮከብ መርምረው፥ ወደ ኒውትሮን ኮከቡ የዞረው ፊቱ በኤክስሬይ ግሎ እንደሚያበራ፥ በስተኋላው ያለው ግን ደብዛዛ እንደ ሆነ አረጋገጡ። ስለዚህ ጓደኛው ኮከብ በ1.7 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ የጋለ ፊቱን፥ አንድ ጊዜ የቀዘቀዘ ጀርባውን ያሳየናል። አሁን ልብ በሉ! ኤክስሬዩ ለእኛ በተሰወረባቸው ቀናትም የጓደኛው ፊት እንደ ጋለ ይኖራል። እንግዲህ ኒውትሮን ኮከቡ ያለማቋረጥ ያበራል፤ ጎረቤቱ ያየዋል፤ ሰፌዱ በመካከል ገብቶ የከለከለው እኛን ብቻ ነው።

በ1983 እና በ1999 ደግሞ የኤክስሬዩ ብርሃን በልማዱ መሠረት በ35 ቀን ሳይመለስ ለብዙ ወራት ተሰውሮ ቆየ። ያን ጊዜም ሊቃውንቱ ወደ ጓደኛው ኮከብ ፊት ተመለከቱ፤ ፊቱም እንደ ጋለ ነበር። ስለዚህ መጋረጃው ረዘመ እንጂ መብራቱ አልጠፋም አሉ፤ ከጊዜ በኋላም ብርሃኑ ተመለሰ።

ይሁን እንጂ የተሰወረ ሁሉ የተጋረደ ነው ብዬ ብነግራችሁ እናንተን ማታለል ይሆንብኛል። በሀርቫርድ የሰማይ መመልከቻ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በመስተዋት ላይ የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎች ተጠብቀው ይኖራሉ። ያነሡአቸው ሰዎች ስለ ኒውትሮን ኮከብ አንዳች ነገር የማያውቁ ነበሩ። እነዚህ ፎቶግራፎች በ1973 በተመረመሩ ጊዜ፥ በአንዳንድ ዘመናት የጓደኛው ኮከብ ፊት ለዓመታት ሳይግል እንደ ቆየ ታወቀ። በእነዚያ ዓመታት መብራቱ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ የሊቃውንቱ ጥበብ ሁልጊዜ ተስፋ ማድረግ አይደለም፥ ሁልጊዜ ተስፋ መቁረጥም አይደለም፤ ግድግዳውን ሄዶ ማየት ነው።

ይህን ከተማርሁ በኋላ አንድ ነገር በሰፈራችን ተመልክቻለሁ። በእኛው ብሎክ የሚኖር አንድ ተማሪ ከትምህርት ገበታው ለብዙ ሳምንታት ቀረ። ብዙ ሰው "ያ ልጅ ጠፋ፤ ትምህርት ጠልቶ ነው" አለ። ነገር ግን ታናሽ እኅቱ በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሒሳብ ደብተሯ በእርሱ የእጅ ጽሕፈት ታርሞ ነበር። የታመሙ እናቱን ቀን ቀን እያስታመመ ማታ ማታ እኅቱን ያስጠና ነበር። የእርሱን መብራት ማንም አላየም፤ በእኅቱ ደብተር ላይ ግን አርፎ ይታይ ነበር። ዛሬ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። በሰውና በኮከብ መካከል ብዙ ልዩነት መኖሩን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በችኮላ ጠፋ ብሎ መፍረድ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዐይነት ስሕተት ነው።

በመስቀል ሰሞን ከራሳችን በላይ

ሁለተኛው ምሳሌዬ የበለጠ የሚያስገርም ሲሆን ቦታውም ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ቀረበ ማለቴ በአናታችን ላይ የሚያልፍ መሆኑን ነው። በመስቀል ሰሞን ሰማዩ ጠርቶ እንደ ሆነ፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ብትመለከቱ አልታይር የተባለውን ብሩህ ኮከብ ታያላችሁ። ይህ ኮከብ በአዲስ አበባ ላይ ሲያልፍ ከአናታችን እምብዛም ፈቀቅ አይልም። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በራሪው ማለት ነው፤ ሙሉ ስሙ በራሪው ነስር ነበር፤ ነስርም የእኛው ንስር ነው። ኮከቡ የሚገኝበትም ኅብረ ከዋክብት ንስር ይባላል።

በዚሁ በንስር ውስጥ፥ ያለ መሣሪያ የማይታይ፥ ኤስ ኤስ 433 የተባለ ጥንድ ኮከብ አለ። ርቀቱ 18,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ስሙን ያገኘው ስቲቨንሰንና ሳንዱሊክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1977 ባሳተሙት ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩ 433 ስለ ነበረ ነው። በመካከሉ ያለውን የታመቀ አካል ብዙዎች ጥቁር ጉድጓድ ነው ይሉታል። ጓደኛው ኮከብ የሚያፈስበት ጋዝ እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ሊውጠው አይችልም፤ ስለዚህ ከሰፌዱ መካከል በላይና በታች በሁለት ጅረት ወደ ውጭ ይተፋዋል። የጅረቱም ፍጥነት የብርሃን ፍጥነት 26 በመቶ፥ ማለት በሰከንድ 78,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ፍጥነት ምድርን በአንድ ሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል መዞር ይቻላል።

ይህ እንዴት ታወቀ? አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፥ ሲርቅ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ወደ እኛ ከሚመጣ ነገር የወጣው ወደ ሰማያዊ፥ ከእኛ ከሚርቅ ነገር የወጣው ወደ ቀይ ያደላል። በ1978 እና በ1979 ብሩስ ማርጎንና ጓደኞቹ የዚህን ኮከብ ብርሃን ሲመረምሩ፥ በአንድ ጊዜ ወደ ሰማያዊም ወደ ቀይም ያደላ ሆኖ አገኙት፤ የዝንባሌውም መጠን ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጥ ነበር። አንድ አምቡላንስ በአንድ ጊዜ ሲመጣም ሲሄድም የሰማ ሰው ምን ይላል? በ1979 ፌቢያንና ሪስ፥ እንዲሁም ሚልግሮም የተባሉ ሊቃውንት ነገሩን ፈቱት። ጅረቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደ እኛ ሌላው ከእኛ ይሮጣል። የጅረቶቹም ዘንግ በ162 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው የሚዞሩት ግን በ13 ቀን ነው። በራዲዮ መሣሪያ የተነሣው ሥዕል፥ አትክልት የሚያጠጣ ሰው የውኃ ጎማ ይዞ ሲዞር ውኃው በአየር ላይ እንደሚጠማዘዝ፥ ጅረቶቹ እየተጠማዘዙ ሲሄዱ ያሳያል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?

በብሎካችን የሚኖሩ አንዲት እናት በደረጃ ላይ መጽሐፍ ይዤ ባገኙኝ ጊዜ፥ "ልጄ፥ ኮከብ ቆጠራ ጀመርህ እንዴ? እስቲ የእኔን ኮከብ ንገረኝ" አሉኝ። እኔም "እማማ፥ ይህኛው ትምህርት የሰውን ዕድል አይናገርም፤ የኮከቡን የራሱን ዕድል ነው የሚመረምር" ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም ትንሽ አሰብ አድርገው፥ "ታዲያ እንጀራ ይሆናል?" አሉኝ። ይህ ጥያቄ ከብዙ ወላጆች ልብ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ልጅን ለማስተማር የሚደክም ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነውና እኔም በአክብሮት ልመልሰው እሞክራለሁ።

አንደኛ፥ ይህ ትምህርት የፈረንጅ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተመሠረተ። ከዚያም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። የመመልከቻውና የምርምር ማእከሉ ኀላፊ ሆነው ያገለገሉት ዶክተር ሰለሞን በላይ ተሰማ፥ ዛሬ የምንነጋገርበትን ይህንኑ የጋዝ ሰፌድ የመረመሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ከስዊድናዊው ሊቅ ከኡልፍ ቶርኬልሰን ጋር ሆነው፥ የማግኔት ኀይል ባላቸው ኮከቦች ዙሪያ የሚገኘው ቀጭን ሰፌድ እንዴት ያለ እንደ ሆነ በሒሳብ መርምረው በ2010 በታወቀ የአውሮፓ የሥነ ፈለክ መጽሔት ላይ አሳትመዋል። እንግዲህ ሄርኩለስ ኤክስ-1ን የመሰሉ ኮከቦች ምሥጢር በኢትዮጵያዊ እጅም ተጽፏል።

ሁለተኛ፥ የዚህ ትምህርት መሣሪያ ጠንካራ ሒሳብ፥ ትክክለኛ ሰዓትና በትዕግሥት የተያዘ መዝገብ ነው። እነዚህን ሦስቱን የተማረ ሰው ሐኪም ቢሆን፥ መሐንዲስ ቢሆን፥ ነጋዴም ቢሆን እንጀራውን አያጣም። በሀርቫርድ ያሉት አሮጌ ፎቶግራፎች ጥቅማቸው የታወቀው ከተነሡ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያነሡአቸው ሰዎች "ምን ይጠቅማል?" ብለው ቢተዉት ኖሮ፥ መብራቱ በእርግጥ የጠፋበት ዘመን እንደ ነበረ ዛሬ ማን ይነግረን ነበር?

በሰፈራችን መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ሰው ሁሉ ያማርራል፤ የተቦካ ሊጥ ሳይጋገር ይቀራልና ቢያማርር አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት በብሎኮቹ መካከል ባለው ሰማይ ላይ ሌላ ጊዜ የማይታዩ ኮከቦች ይወጣሉ። ወጡ ማለቴ እንኳ ትክክል አይደለም፤ በዚያው ነበሩ፤ የጋረዳቸው የእኛው መብራት ነበር። የከተማው ብርሃን እንጦጦንም ስለሚያስቸግር፥ ጨለማ ሰማይ ለማግኘት በላሊበላ አካባቢ ባሉት ተራሮች ላይ ጥናት ተደርጓል። የከተማ ልጆች የሆንን እኛ ግን ላሊበላ እስክንደርስ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም።

ለታናናሾቼ የምተወው ዐደራ

ቴሌስኮፕ ሳይኖር፥ በዓይን ብቻ ሊጠበቅ የሚችል አንድ ጥንድ ኮከብ አለ። ሊራ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ይገኛል፤ ሊራ ማለት ክራር የመሰለ የግሪኮች ዜማ መሣሪያ ስለ ሆነ እኛም ክራር ብንለው ያምርበታል። በመስቀል ሰሞን ማታ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዝቅ ብሎ ቬጋ የተባለው ደማቅ ኮከብ ይታያል፤ በአጠገቡም ቤታና ጋማ የሚባሉ ሁለት ደከም ያሉ ኮከቦች ጎን ለጎን አሉ። ከእነዚህ ቤታ የተባለው በእርግጥ ጥንድ ኮከብ ነው፤ አንደኛው ከሌላው ጋዝ እየተቀበለ በወፍራም የጋዝ ሰፌድ ውስጥ ተሸፍኖ ይኖራል። ተሸፋኙ እንደ ሄርኩለስ ኤክስ-1 ያለ ሬሳ ባይሆንም፥ የሰፌዱ ሥራ ግን ከዚያው ወገን ነው። በ13 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ብርሃኑ በጣም ይደክማል፤ በደመቀ ጊዜ ከጋማ ጋር እኩል ይሆናል ማለት ይቻላል።

ይህን መለዋወጥ በ1784 ያገኘው ጆን ጉድሪክ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነበር፤ ይህን ሲያገኝም 20 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ21 ዓመቱ ዐረፈ። ዕድሜው አጭር ነበር፤ መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። በዚህ አዳራሽ ያለን ብዙዎቻችን በእርሱ ዕድሜ ላይ ነን።

ስለዚህ ሐሳቤን በአንድ ደብተር ላይ አድርጌ አቀርባለሁ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባሉት ጥርት ባሉ ምሽቶች አንድ ተማሪ ከደጁ ወይም ከሰገነቱ ሆኖ ቤታን ከጋማ ጋር ያስተያይ፤ እኩል ነው፥ ትንሽ ያንሳል፥ በጣም ያንሳል ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ። ደመና ቢሆን ደመና ነበር ብሎ ይጻፍ፤ ያላየውን ግን አየሁ ብሎ አይጻፍ። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ አስምሬአለሁ፤ ደብተሩንም ለሳይንስ መምህራችን አስረክቤአለሁ። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናችንን ፈጽመን በየአቅጣጫው እንበተናለን፤ ደብተሩ ግን በዚህ ቤት ይቀራል። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሆይ፥ የሚቀጥለው መስመር የእናንተ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ በምሽት ወደ ሰገነት ሲወጣ ብታዩት ጋቢ ደርቡለት እንጂ አትቆጡት። መምህሮቻችን ሆይ፥ ከእኛ መካከል ብርሃኑ የደከመ፥ ከዓይናችሁም የራቀ ተማሪ ቢኖር፥ ጠፍቷል ብላችሁ ስሙን ከመዝገብ ከመሠረዛችሁ በፊት ብርሃኑ ያረፈበትን ግድግዳ ፈልጉ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።